የራሳችንን ሰው ስንመራ

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

ከዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ከባልቲሞርም የመጣችሁ አላችሁ። ሌሊቱን ሺፍት ላይ አድራችሁ፣ በቅጡ ሳትተኙ የመጣችሁም አላችሁ። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

እንድናገር የተጠየቅሁት ባህላቸውና ማንነታቸው የተለያየ ሠራተኞችን፣ የራስን ማንነት ሳይደብቁ ስለመምራት ነው። እንዲህ ያለ ርዕስ ሲነሳ ሐሳባችን ቶሎ ወደ ፈረንጁ ይሄዳል። ነጩን ሐኪም እንዴት ልሞግተው? በአክሰንቴ ይስቁብኝ ይሆን? ስሜን ላሳጥረው ወይስ እንዳለ ልተወው? ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። እኔ ግን ነርሶችን በመራሁባቸው ዓመታት ከሁሉም የከበደኝ የራሳችንን ሰው መምራት ነው። ዛሬ በብዛት የማወራው ስለ እሱ ነው።

በዚህ አካባቢ የአንድ ሆስፒታል ወለል፣ ማለትም ሕመምተኞች የሚተኙበት ክፍል፣ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ከፊሊፒንስ፣ ከናይጄሪያ፣ ከካሜሩን፣ ከኤልሳልቫዶር የመጡ ሰዎች አሉ። የኛም ሰው አለ። ዘር የሚጠይቅ ፎርም ላይ እኛ ሁላችን አንድ ሳጥን ውስጥ ነን። ብሬክ ሩም፣ ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ግን አማራ አለ፣ ኦሮሞ አለ፣ የትግራይ ልጅ አለ፣ ጉራጌ አለ፣ ኤርትራዊ አለ። ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም፣ ጴንጤ አለ። ፈረንጅ አለቃ ይህን ላያውቅ ይችላል፤ አይፈረድበትም። እኔ ግን አላውቅም ማለት አልችልም።

በኖቬምበር 2020 የትግራይ ጦርነት ሲጀመር ይህ ሁሉ ገሃድ ወጣ። አብረው እንጀራ ይቆርሱ የነበሩ ሰዎች ጠረጴዛ ለዩ። ሰላምታ ቀረ። ትግራይ ውስጥ ስልክ ተቋርጦ ነበር። አንዲት ነርስ ነበረችን፣ እናቷ እዚያ ናቸው። ሺፍት ከመግባቷ በፊት መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብላ ትደውላለች። ማግኘት እንደማትችል የሚነግራትን ድምፅ ትሰማለች። ከዚያ ፊቷን ጠራርጋ ትገባና መድኃኒት ታድላለች። ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ስልኩን ከፍ አድርጎ የድል ዜና ይሰማል።

እዚህ ላይ አለቃ ምን ያደርጋል? እኔ ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። እሷም ታውቃለች፣ ሁሉም ያውቃል። ስለ ጦርነቱ የራሴ አቋም ነበረኝ። አቋም የሌለኝ መስዬ ልታይ ብል ማንም አያምነኝም። ስለዚህ ያገር ልጆችን አንድ በአንድ አነጋገርኩ። እንዲህ ነበር ያልኳቸው፦ «ከየት እንደሆንኩ ታውቃላችሁ። የማስበውን እዚህ ወለል ላይ አላመጣውም። ስኬጁል (የሥራ ተራ) ሳወጣ፣ ፈቃድ ስሰጥ፣ ግምገማ ስጽፍ ካዳላሁ ንገሩኝ። ለኔ መንገር ከከበዳችሁ ለዳይሬክተሯ ንገሩ፤ አልቀየምም።»

ከዚያ ሁለት ነገር ተወሰነ። ብሬክ ሩም ውስጥ የጦርነት ዜና ጮክ ተደርጎ አይከፈትም፤ መስማት የፈለገ በጆሮ ማዳመጫ ይስማ። ስልክ ከተቋረጠበት አካባቢ ቤተሰብ ያለው ሰው ደግሞ ለቻርጅ ነርሷ፣ ሺፍቱን ለምትመራው ነርስ፣ ነግሮ ስልኩን ኪሱ ውስጥ መያዝ ይችላል። ከተደወለለት ሕመምተኞቹን ለጥቂት ደቂቃ ሌላ ሰው ይይዝለታል። ደንቡ የማንንም ብሔር ስም አይጠራም። «ለእሷ ብለሽ ነው» ያሉኝ ነበሩ። አዎ፣ መነሻዋ እሷ ነበረች። በኋላ ግን ቤተሰቡ ወለጋ ያለ ልጅ ተጠቀመበት። በኦገስት 2023 አማራ ክልል ውስጥ ኢንተርኔት ሲዘጋ እኔም ተጠቀምኩበት።

ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ኖቬምበር 2 ቀን 2022 ተፈረመ። የተለያዩት ጠረጴዛዎች በዚያ ቀን አልተገጣጠሙም። እስከ ዛሬ ያልተገጣጠሙም አሉ። እዚህ ላይ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። «ሽማግሌ ሆኜ ላስታርቃቸው» የሚል ሱፐርቫይዘር ብዙ ጊዜ ነገሩን ያባብሰዋል። ሽማግሌን ሁለቱም ወገን አምነው ይቀመጣሉ። አለቃን ግን ማንም አልመረጠውም፣ ደግሞም እንጀራቸውን ይዟል። በፊቱ እሺ ይሉታል፣ ከበር ሲወጡ ቂሙ እንዳለ ነው። በእጁ ያለው ስኬጁሉ ነው። እሱን ያስተካክል።

ስኬጁል ስል እንደ ቀላል ነገር አትዩብኝ። ማን ስንት ቅዳሜና እሑድ እንደሠራ፣ ማን የትኛውን በዓል እንዳረፈ ለሁሉም በሚታይ ቦታ ይለጠፍ። በ2024 የፈረንጆቹ ፋሲካ ማርች 31 ነበር፣ የኛ ሜይ 5። ዒድ ደግሞ ጨረቃን ይጠብቃል፤ ስኬጁሉ ግን ከሳምንታት በፊት ይወጣል። ስለዚህ ለሙስሊም ባልደረባ አንድ ቀን ብቻ ሳይሆን ሁለት ተከታታይ ቀን ማሰብ ያስፈልጋል። ይህ ውለታ አይደለም። የ1964ቱ የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ አሠሪው የሠራተኛውን ሃይማኖት እንዲያስተናግድ ያዛል። በጁን 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጄራልድ ግሮፍ በተባለ፣ እሑድ አልሠራም ባለ የፔንሲልቫኒያ ፖስታ አዳይ ጉዳይ፣ በሙሉ ድምፅ ይህን ግዴታ አጠናክሮታል። አሠሪው እምቢ ለማለት ጥቂት ወጪ መጣብኝ ማለት አይበቃውም፤ ጫናው ለሥራው ከባድ መሆኑን ማሳየት አለበት። መብታችሁን እወቁት። አለቃ ስትሆኑ ደግሞ ሰው እስኪለምናችሁ አትጠብቁ።

ሌላው ከባድ ነገር የዝምድና አጠራራችን ነው። አባቴ የሚሆን ሰው በኔ ሥር ሠርቷል። «ጋሼ» ነው የምለው። ተደጋግሞ ሲያረፍድ እንዴት ልናገረው? ይሉኝታ ይዞኝ ዝም ብል ሌሎቹ ነርሶች ያዩኛል፤ በተለይ ካሜሩናዊቷ፣ ባለፈው ወር ስታረፍድ በጽሑፍ ያስጠነቀቅኳት። ቢሮዬ አስገብቼ፣ ወንበር ስቤለት፣ «ጋሼ፣ እርስዎን እንዲህ ብሎ መናገር ይከብደኛል፤ ግን ለሷ የሰጠሁትን ወረቀት ለእርስዎም መስጠት አለብኝ» አልኩት። ፈረመ። ከዚያ ስለ ልጆቹ አወራን። አክብሮቱ አልቀረም፣ ወረቀቱም አልቀረም። «ያገሬ ልጅ ነሽ፣ እለፊኝ» ሲባል ልባችሁ እንደሚራራ አውቃለሁ፤ የኔም ይራራል። ግን ለአንዱ የምናልፈውን ለሌላው ካላለፍን፣ የምንጎዳው እኛን አምኖ የመጣውን ሌላ ሰው ነው።

ስለ ቋንቋም ልናገር። መልኩን አይተን «አበሻ ነህ?» ብለን በአማርኛ እንጀምራለን። አንዳንዱ ደስ ይለዋል። አንዳንዱ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ የአፍ መፍቻው ነው፤ አማርኛውን ችሎም ላይመርጠው ይችላል። አለቃ ስትሆኑ ይህ ይብሳል፣ ምክንያቱም እምቢ ሊላችሁ አይችልም። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ሰላም በሉት። ቋንቋውን እሱ ይምረጥ።

«እንግሊዝኛ ብቻ ተናገሩ» ስለሚሉ አሠሪዎችም ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። የፌዴራሉ የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽን ደንብ ግልጽ ነው። በማንኛውም ሰዓት፣ በዕረፍትም ጭምር፣ እንግሊዝኛ ብቻ የሚል ትእዛዝ እንደ አድልዎ ይጠረጠራል። ለሥራው በሚያስፈልግበት ሰዓት መጠየቅ ግን ይቻላል። እኔ ከዚህ አልፌ የምለው አለኝ። አልጋ ላይ የተኛ ሰው በላዩ ላይ በማያውቀው ቋንቋ ሲወራ ስለ ራሱ የሚወራ ይመስለዋል፤ ይፈራል። ፊሊፒናዊቷ ባልደረባችሁ ምግቧን ይዛ ከጎናችሁ ስትቀመጥም ወደምትሰማው ቋንቋ ዙሩላት። ይህን ሕግ አያዝዛችሁም።

አሁን ወደ ነጩ ሐኪም። ትልቅ ሰው ሲናገር አናቋርጥም፣ ዓይኑን ትኩር ብለን አናይም። እንዲህ ነው ያደግነው። ዝምታው ግን የኛ ብቻ አይደለም። ማርች 27 ቀን 1977 በስፔኗ ደሴት ቴኔሪፍ ላይ ሁለት ጃምቦ አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰው ሞተ። ሊነሳ ሲንደረደር በነበረው የኬኤልኤም አውሮፕላን ውስጥ የበረራ መሐንዲሱ ሌላው አውሮፕላን ከመንደርደሪያው አለመውጣቱን ጠርጥሮ ጠይቆ ነበር። ካፒቴኑ ወጥቷል አለው፤ እሱም አልገፋበትም። ሆላንዳውያን ነበሩ። ከዚያ በኋላ አየር መንገዶች የበታቹ እንዴት እንደሚናገር ማሰልጠን ጀመሩ፤ ሆስፒታሎችም ወረሱት። ደረጃዎቹን ታውቋቸዋላችሁ፦ አሳስቦኛል፤ አልተመቸኝም፤ ይህ ለሕመምተኛው አደጋ ነው። በድምፃችሁ፣ በአክሰንታችሁ በሉት። መጮህ አያስፈልግም። እኔ ዛሬም ቀስ ብዬ ነው የምናገረው። ሦስተኛውን ስናገር ግን የማይቆም ሐኪም እስካሁን አልገጠመኝም።

አዲስ ነርስ ወደ ወለላችን ስትመጣ፣ ከየትም ትምጣ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ይህን አብረን በቃል እንለማመደዋለን። እኔ ሐኪሙን እሆናለሁ፤ እሷ ታስቆመኛለች። ካገራችን የመጡት መጀመሪያ ይከብዳቸዋል፣ አንገታቸውን ይደፋሉ። ደጋግመን እንሞክራለን።

ማይክሮፎኑን አሁን ለእናንተ ልስጥ። በተለይ በነዚያ የጦርነት ዓመታት አለቃችሁ ያገራችሁ ሰው ሆኖ የተጎዳችሁ ካላችሁ፣ ቅድሚያውን ለእናንተ እሰጣለሁ። በፈለጋችሁት ቋንቋ ተናገሩ፤ አዳራሹ ውስጥ የሚያስተረጉሙ ልጆች አሉ። አመሰግናለሁ።