መጀመሪያ ደብተር፣ ከዚያ እሺ፦ ለብቻቸው በቤት የሚጋግሩ አድማጮች ጥያቄና መልስ

ፋሲካ ሲቃረብ ስልካችንን የሚያጨናንቁት በቤታቸው ኬክና ዳቦ ጋግረው የሚሸጡ ሰዎች ናቸው። ብቻቸውን ይገዛሉ፣ ብቻቸውን ይጋግራሉ፣ ብቻቸውን ያጥባሉ፣ ብቻቸውን ያደርሳሉ። እንግዳችን ለዓመታት ከኩሽናቸው ጋግረው የሸጡ፣ አሁን ደግሞ ጀማሪዎችን የሚያሠለጥኑ እናት ናቸው። በአየር ላይ የመለሱትን እንዲህ ጽፈነዋል።

ከገርጂ፦ እትዬ፣ ትዕዛዝ በዛብኝ። ለአንዷ እሺ ብዬ ስልኩን ሳልዘጋ ሌላዋ ትደውላለች። በቀን ስንት ኬክ ብቀበል ይሻላል?

ልጄ፣ እሱን ኦቨንሽን ጠይቂው። አለቃሽ እሱ ነው።

ቁጭ ብለን እንቁጠር። የቤት ኦቨን ባለ 24 ሳንቲም ትሪ ቢበዛ ሁለት ይይዛል። መጋገሪያው 40 ደቂቃ፣ ማውጣቱ፣ መክተቱና እንደገና መጋሉ 10 ደቂቃ እንበል። አንድ ዙር 50 ደቂቃ ሆነ። ለቅዳሜ ስምንት ኬክ ተቀበልሽ፣ እያንዳንዱ ሁለት ድርብ ነው። 16 ትሪ ማለት ነው፣ ስምንት ዙር። መጋገሩ ብቻ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ በላ። አሁን ክሬም መቀባቱና ዲኮሩ ይምጣ። ፈጣን ከሆንሽ ለአንዱ አንድ ሰዓት ተኩል። ለስምንቱ 12 ሰዓት። ገና ሳታጥቢ፣ ካርቶን ሳታጥፊ፣ አንድ ስልክ ሳታነሺ 18 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሄደ።

እና ስንት ትቀበያለሽ? በሁለት ቀን ከፍለሽም አራት ወይም አምስት። ስምንተኛዋን «እሺ የኔ ቆንጆ» ያልሻት ጊዜ ነው ነገሩ የተበላሸው። ስለዚህ ደብተር ግዢ። በየቀኑ ገጽ ላይ አናቱ ላይ የምትችይውን ቁጥር ጻፊ። ሰው ሲደውል መጀመሪያ ደብተሩን ግለጪ፣ ከዚያ እሺ በይ። በጭንቅላትሽ አትያዢ። ጭንቅላት ሁልጊዜ ቦታ አለ ይላል።

ከአያት፦ አዳማ እያለሁ ኬኬ አሪፍ ነበር። አዲስ አበባ ከመጣሁ ወዲህ መሃሉ እየሰመጠ ሁለቴ ሁለቴ እጋግራለሁ። ጊዜዬን በላው።

አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ነው፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። አየሩ ሲሳሳ ሊጡ ቶሎ ይነፋና ሳይበስል ይወድቃል። ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ቀንሺ፣ ስኳሩን ትንሽ ቀንሺ፣ ፈሳሹን ትንሽ ጨምሪ። ሲሳካልሽ ልኩን ደብተር ላይ ጻፊው። ዩቲዩብ ላይ የምታያት ሴትዮ ባሕር ዳርቻ ከተማ ልትሆን ትችላለች፤ የሷን ልክ እንዳለ አትቅጂ።

ከሳሪስ፦ ደንበኞቼ አብዛኞቹ ዘመድና ጎረቤት ናቸው። ቀብድ ማለት ያሳፍረኛል። ባለፈው የልደት ኬክ አሠርተው ቀሩብኝ።

ዘመድ ስለሆነ ዱቄቱ በነጻ መጣ እንዴ? እንቁላሉስ?

ቀብድ ያልተከፈለበት ትዕዛዝ ወሬ ነው። ወሬ ደግሞ ደብተር ላይ አይጻፍም። ግማሹን በቴሌብርም በባንክም ይላኩ፤ ሲገባ ቀኑ ተያዘላቸው። ፊት ለፊት ማለት ካፈርሽ መልእክት አዘጋጅተሽ ስልክሽ ላይ አስቀምጪ፦ «ትዕዛዝዎን የምይዘው ግማሽ ክፍያ ሲደርሰኝ ነው፣ አመሰግናለሁ።» ለአክስትሽም፣ ለማታውቂያትም ያው ይላክ። ለሁሉም አንድ ሲሆን ማንም አይቀየምም። የምትቀየመዋ ያቺ የቀረችብሽ ናት። ትቀየም።

አንድ ነገር ልጨምር። የቀረብሽ ኬክ የዕቃው ብር ብቻ አይደለም። ሌላ ሰው መልሰሽበት ነበር። ያ ቀን ሁለቴ ሄደ።

ከሐዋሳ፦ ወንድ ጋጋሪ ነኝ። ስፖንጁን አንድ ቀን አስቀድሜ ብጋግረው ይደርቃል?

አይደርቅም ወንድሜ፣ እንዲያውም ለመቁረጥ ይመቻል። በደንብ ይቀዝቅዝ፣ በፕላስቲክ ጠቅልለው። ፍሪዘር ካለህ አንድ ወር ያህል ይቆያል። ወተትና ክሬም ያለበትን ግን ከፍሪጅ ውጪ ከሁለት ሰዓት በላይ አታቆየው፤ የሐዋሳ ሙቀት ላይ ደግሞ ከዚያም ባጠረ። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አትክፈት። ካልተከፈተ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል።

ከጀሞ፦ ለበዓል ዋዜማ የድፎ ዳቦ ትዕዛዝ ይበዛብኛል። መብራት ሲሄድ የከሰል ምድጃዬን ኩሽና አስገብቼ ሌሊቱን እጋግራለሁ። ኮንዶሚኒየም ስለሆነ ጎረቤት እንዳይቆጣ በሩንም መስኮቱንም እዘጋለሁ። ልጆቹ ከጎን ባለው ክፍል ነው የሚተኙት። እኔም ወንበር ላይ ሸለብ ያደርገኛል። ጠዋት ራሴን በጣም ያመኛል፣ ያጥወለውለኛል። ድካሙን በምን ልቋቋመው?

ሬዲዮኑን ድምፅ ጨምሩት። እዚህ ጋ እቆያለሁ፣ አዘጋጁም እንዳያቋርጠኝ።

ልጄ፣ ይሄ ድካም አይመስለኝም። እየተመረዝሽ ነው የሚመስለው።

ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ሽታ የለውም። ቀለም የለውም። ዓይን አያቃጥል፣ ጉሮሮ አይከረክር። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ሰውየው እየተነፈሰ አየር ያጣል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማዞር፣ ማጥወልወል፣ ጉልበት መክዳት። ከዚያ እንቅልፍ። ያ እንቅልፍ ነው የሚገድለው። ተነስቶ በር ልክፈት የሚል ሰው አይኖርም።

በየሥልጠናው የምሰማቸውን መልሶች አውቃቸዋለሁ። «ጭሱ ካለቀ በኋላ ነው የማስገባው።» ጭሱ አልቆ ቀይ ያለው ፍም ይሄንን ጋዝ ማውጣቱን አላቆመም። ጭስ ቢኖር እንኳ ያስለቅስሽና ትወጫለሽ። «መስኮቱን ገርበብ አደርጋለሁ።» ገርበብ አይበቃም። «እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በከሰል ነው የጋገረችው።» እናትሽ የጋገረችው ጭስ ቤት ነው፤ ግድግዳው ነፋስ ያስገባል፣ ጣሪያው ያስወጣል። ያንቺ ኮንዶሚኒየም ብሎኬትና መስታወት ነው። በሩን ስትዘጊ ጋዙ የት ይሂድ? በበሩ ሥር ሾልኮ ልጆቹ ጋ ይገባል። የሕፃን አካል ደግሞ ከኛ ቀድሞ ይጎዳል። ነፍሰ ጡር ካለችም በሆዷ ያለው ይጎዳል።

እኛ ቤት ይሄ ሲመጣ ምች ነው ይባላል፣ ቡና ስላልጠጣሁ ነው ይባላል። እንዲህ ለዩት። ደጅ ወጥታችሁ ንጹህ አየር ስታገኙ ከቀለላችሁ፣ ወይም ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሴን ካለ፣ ከሰሉን ጠርጥሩ። ሁላችሁም ውጡ። የተዝለፈለፈ ሰው ካለ ወደ ንጹህ አየር አውጥታችሁ 907 ደውሉ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። ወተት አታጠጡት። የሚያስፈልገው ኦክስጅን ነው፣ ኦክስጅኑም ያለው ሐኪም ቤት ነው። አንቺም ልጄ፣ ዛሬ ልጆችሽን ይዘሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ የነገርሽኝን ሁሉ ንገሪያቸው።

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ። ከሰሉን ማን አስገባው? ትዕዛዙ ነው ያስገባው። አራት ድፎ የምትችል ሴት አሥር እሺ አለች። መብራት ሊጠፋ እንደሚችል እያወቀች የዋዜማውን ሌሊት ብቻ ተማመነች። ድፎ ዳቦ በኮባ ቅጠል ተጋግሮ፣ በርዶ፣ በንጹህ ጨርቅ ሲጠቀለል እስከ ማግስቱ ምንም አይሆንም። ስለዚህ ከዋዜማው በፊት ባለው ቀን ጀምሪ። መብራት ከጠፋ በከሰል የሚጋገረው ደጅ ነው፣ ወይም የግቢው የጋራ ማብሰያ ቤት በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ። ካልሆነ ደንበኛዋ ጋ ደውለሽ «መብራት የለም፣ ቀብድሽን ልመልስ» ትያለሽ። ትቆጣለች። ይበርድላታል።

ለሁላችሁም አንድ ሕግ እሰጣለሁ፣ ሠልጣኞቼ ሰልችቷቸዋል። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ እሳት ያለበት ሥራ የለም። ከሰልም ይሁን ቡታጋዝ ይሁን ኦቨን። እንቅልፍ የያዘው ሰው እሳት አጠገብ አይቀመጥም። ኬክ ማቅለም፣ ካርቶን ማጠፍ፣ እሱን አምሹና ሥሩ።

ከባሕር ዳር፦ ቀኑን ሙሉ ስልክና ቴሌግራም ስመልስ ሥራው ማታ ይጀመራል።

ሁለት ሰዓት መድቢ። ከጠዋቱ 3 እስከ 4፣ ከሰዓት በኋላ 10 እስከ 11። ቻናልሽ ላይ ለጥፊው። ዋጋና ፎቶም እዚያው ይሁን፣ «ባለ አንድ ኪሎው ስንት ነው» የሚለውን በቀን ሠላሳ ጊዜ አትመልሺ። ሊጥ የነካው እጅ ስልክ አይነካም፣ ስልክ የነካውም ሳይታጠብ ሊጥ አይነካም።

ከመገናኛ፦ በጾም ሥራ ይሞታል፣ በፋሲካ ሳምንት እሰጥማለሁ። በሁለቱ መሃል የለም ወይ?

አለ፣ ግን የዓመቱን ቀን አስቀድመሽ ደብተር ላይ ካሰፈርሽ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሠርግ አይደገስም፣ እንቁላልና ቅቤ አይነካም። ልደት ግን በጾምም አለ። የጾም ኬክ በዘይት፣ በሙዝ፣ በብርቱካን ጭማቂ የሚሠሩ ሰዎች በነዚያ ቀናት ባዶ እጃቸውን አይቀመጡም። ጾመኛ ደንበኛ ግን ቅቤ የነካ መምቻ አይወድምና የጾሙ ዕቃ ለብቻው ይሁን። ለውዝ ከጨመርሽ ንገሪያቸው፤ ለውዝ የማይስማማው ሰው ላይ አደጋ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ሠርጉ ይጎርፋል። ጥር ላይም እንደዚያው፣ ጥምቀት ራሱ ጥር 11 ነው። ገና ታኅሣሥ 29፣ እንቁጣጣሽ መስከረም 1። ዒድ ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ይመጣል፣ የአምናውን ቀን አትያዢ። በቀዘቀዘው ጊዜ ካርቶን ግዢ፣ ሚክሰር አስጠግኚ፣ ሒሳብሽን አጥሪ፣ ተኚ። መተኛትም ሥራ ነው። ለፋሲካ ሳምንት ትዕዛዝ የሚዘጋበትን ቀን ደግሞ አሁኑኑ ለጥፊ። ከዚያ በኋላ የፈጣሪ እናት ብትደውል… ይቅር በለኝ፣ ብቻ ማንም ቢደውል ደብተሩ ተዘግቷል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ከቤቴ ኬክና ቺዝኬክ ለሐበሻው ለመሸጥ አስቤአለሁ።

እዚያ አገር ከቤት መሸጥ ሕግ አለው። ፍሪጅ የማያስፈልገው ኩኪስና ደረቅ ኬክ አንድ ነገር ነው፣ ፍሪጅ የሚፈልገው ቺዝኬክ ሌላ። አንዲት ነገር ሳትሸጪ የካውንቲሽን ጤና ቢሮ ጠይቂ። የሐበሻ ግሩፕ ላይ የተጻፈውን አትመኚ።

ከልደታ፦ ንግድ ፈቃድና ግብር ላይ ምን ልሥራ?

ወረዳሽ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂጂ፣ ከዚያ አንድ የሒሳብ ባለሙያ አማክሪ። እኔ የማውቀው ሊጥ ነው። ሽያጭሽንና ወጪሽን ግን በየቀኑ ጽፈሽ ጠብቂያቸው፣ ባዶ እጅሽን አትሂጂ።

ከኮተቤ፦ ክሬም ስጨምቅ ውዬ ማታ አውራ ጣቴና ሁለቱ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። ሌሊት ያስነሳኛል። በቅባት ባሸው ይሻለኛል?

አትሺው። ሐኪም ይየው። ዕቃ ከእጅሽ መውደቅ ከጀመረ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ። እስከዚያ ትልልቁን ዲኮር ለሳምንቱ ሰርዢ፣ ቀብዱን መልሺ።