ላሆር፣ መጋቢት 8 ቀን 1988

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ!

አዘጋጆቹ ስለ ስፖርት ተናገር ሲሉኝ ብዙዎቻችሁ ስለ አትሌቲክስ ወይም ስለ እግር ኳስ እንደማወራ ሳትጠብቁ አልቀራችሁም። እኔ ግን የመረጥኩት ክሪኬትን ነው። እሱም ቢሆን ስለ አንድ የፍጻሜ ጨዋታ ብቻ።

ለምን ክሪኬት? የምንኖረው ዱባይና ሻርጃ ስለሆነ ነው። የዓለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤት ዋና መሥሪያ ቤት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ2005 ጀምሮ እዚሁ ዱባይ ይገኛል። የሻርጃ ስታዲየም ከ200 በላይ የአንድ ቀን ዓለም አቀፍ ጨዋታዎችን አስተናግዷል። በእረፍት ቀን ጠዋት ደግሞ ባዶ መሬት በተገኘበት ሁሉ ስሪላንካዊው፣ ፓኪስታናዊው፣ ባንግላዴሻዊው ዱላውን ይዞ ይወጣል። አብረናቸው እንሠራለን። ከስሪላንካዊት ጋር አንድ ወጥ ቤት ውስጥ ዓመታት ያሳለፉ እህቶች እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ። የሚወዱትን ነገር ግን አይተን እንዳላየን እናልፋለን። ይሄ ይቆጨኛል።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። በየቡድኑ 11 ተጫዋች አለ። አንዱ ቡድን ይመታል፣ ሌላው ይወረውራል። ስድስት ውርወራ አንድ ኦቨር ይባላል። በአንድ ቀን ጨዋታ ለእያንዳንዱ ቡድን 50 ኦቨር ይሰጠዋል፤ 300 ኳስ ማለት ነው። ነጥቡ ራን ይባላል። የተመታችው ኳስ መሬት ነክታ ከሜዳው ጠርዝ ካለፈች አራት ራን፣ መሬት ሳትነካ ካለፈች ስድስት ራን ታስገኛለች። አንድ መቺ ሲወጣ አንድ ዊኬት ሄደ ይባላል፤ አሥር መቺዎች ከወጡ ያ ቡድን አለቀለት። ከዚያ ሌላው ቡድን ተራውን ይዞ ያንን ቁጥር ለማለፍ ይሞክራል። ለዛሬ ይሄ ይበቃናል።

እንግዲህ የማነሳው የ1996 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ነው። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 8 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ እሑድ። ቦታው ፓኪስታን፣ ላሆር፣ ጋዳፊ ስታዲየም። ተፋላሚዎቹ አውስትራሊያና ስሪላንካ።

ስሪላንካ ያኔ ማን ነበረች? የምክር ቤቱ ሙሉ አባል የሆነችው በ1981 ነው። ከ1996 በፊት አምስት የዓለም ዋንጫዎች ላይ ተካፍላ በድምሩ ያሸነፈችው አራት ጨዋታ ብቻ ነው። አገሪቱ ከ1983 ጀምሮ በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ነበረች። ዋንጫውን ከህንድና ከፓኪስታን ጋር ሆና ልታስተናግድ ተዘጋጅታ ሳለ፣ ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ፈንጂ የተጫነ የጭነት መኪና ኮሎምቦ መሃል ማዕከላዊ ባንኩ ላይ ፈነዳ። ወደ 90 ሰው ሞተ። ከሺህ በላይ ሰው ቆሰለ።

አውስትራሊያና የካሪቢያን አገሮች የጋራ ቡድን የሆነው ዌስት ኢንዲስ ኮሎምቦ ሄደን አንጫወትም አሉ። በፍርሃታቸው አልፈርድም፤ ልጁን ወደዚያ የሚልክ ወላጅ ይገባዋል። ስሪላንካም በሁለቱም ጨዋታ በፎርፌ ነጥብ አገኘች። አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ዚምባብዌና ኬንያ ሄደዋል። ዚምባብዌ ኮሎምቦ ላይ፣ ኬንያ ካንዲ ላይ ተጫውተዋል። ሁለቱም የአፍሪካ ቡድኖች ናቸው። ጎረቤታችን ኬንያ እንዲያውም ካንዲ ከመድረሷ ከቀናት በፊት ህንድ ውስጥ ፑኔ ላይ ዌስት ኢንዲስን በ93 ራን ጠርጋ አሸንፋ ነበር። ኬንያ ይህን ማድረጓን ስንቶቻችን ሰምተናል?

ሌላም የሚያስገርም ነገር ሆነ። ህንድና ፓኪስታን ከየቡድናቸው ተጫዋቾችን አውጥተው አንድ የጋራ ቡድን መሠረቱና ኮሎምቦ ድረስ ሄደው ከስሪላንካ ጋር የወዳጅነት ጨዋታ አደረጉ። ፓኪስታናዊው ዋሲም አክራም ወረወረ፣ ህንዳዊው ሳቺን ቴንዱልካር ኳሷን በአየር ላይ ያዘ፣ ስሪላንካዊው መቺ ወጣ። ሦስቱንም አገሮች ለሚያውቅ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ጨዋታው ልመለስ። በዚያ ውድድር ሕግ መሠረት በመጀመሪያዎቹ 15 ኦቨሮች ከውስጠኛው ክብ ውጭ መቆም የሚችሉት ሁለት ተከላካዮች ብቻ ናቸው። ሜዳው ክፍት ነው ማለት ነው። ብዙ ቡድኖች ግን ይህን ጊዜ ተጠንቅቀው ያሳልፉት ነበር። አዲሷ ኳስ ስለምታስቸግር ዊኬት እንዳይሄድባቸው ይፈሩ ነበር። ስሪላንካዎች ሳናት ጃያሱሪያንና ሮሜሽ ካሉዊታራናን ፊት አሰለፉና ከመጀመሪያዋ ኳስ ጀምራችሁ ምቱ አሏቸው። ዴልሂ ላይ ህንድን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ኦቨሮች ብቻ 42 ራን አስቆጠሩባት። ኬንያ ላይ 398 አስመዘገቡ፤ ለዚያን ጊዜ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። በሩብ ፍጻሜው ጃያሱሪያ እንግሊዝ ላይ በ44 ኳስ 82 አመጣ። አሠልጣኛቸው ዴቭ ዋትሞር ደግሞ ኮሎምቦ ተወልዶ፣ አውስትራሊያ አድጎ፣ ለአውስትራሊያ የተጫወተ ሰው ነበር። ሁለቱንም ወገን ያውቃል።

ካልካታ ላይ በተደረገው ግማሽ ፍጻሜ ህንድ ስትፈርስ ደጋፊው ሜዳ ላይ ጠርሙስ ወረወረ፣ ወንበር አቃጠለ፣ የጨዋታው የበላይ ዳኛም ጨዋታውን አቋርጦ ድሉን ለስሪላንካ ሰጠ። ስለዚያ ብዙ ማውራት አልፈልግም።

የፍጻሜው ምሽት ደረሰ። የስሪላንካ አምበል አርጁና ራናቱንጋ እጣው ሲወጣለት ቀድመን እንወረውራለን አለ። ይሄ ቀልድ የሚመስል ውሳኔ ነበር። ከዚያ በፊት የተደረጉትን አምስት ፍጻሜዎች በሙሉ ያሸነፈው ቀድሞ የመታው ቡድን ነው። ራናቱንጋ ግን ቡድኑ ቁጥር በማሳደድ እንደሚያሸንፍ ያምን ነበር።

አውስትራሊያ በጥሩ ጀመረች። አምበሉ ማርክ ቴይለር 74 አመጣ፣ ያኔ ገና ወጣት የነበረው ሪኪ ፖንቲንግ 45። በአንድ ዊኬት 137 ደረሱ። በዚህ አያያዛቸው ወደ 300 የሚሄዱ ነበር የሚመስሉት። ከዚያ አራቪንዳ ደ ሲልቫ ኳሱን ተቀበለ። አራቪንዳ ዋና ሥራው መምታት ነው፤ የሚወረውረውም ዝግ ያለ ተሽከርካሪ ኳስ ነው። ቴይለርን አስወጣ። ፖንቲንግንም አስወጣ። የካንዲው ልጅ ሙቲያ ሙራሊታራን ደግሞ በሌላው በኩል አላፈናፍን አለ። ሙራሊ ከአገሪቱ አናሳ ሕዝብ ከታሚል ወገን ነው። ጦርነቱ ታሚልና ሲንሃላ እየተባለ ደም በሚያፋስስበት ዘመን፣ በአብዛኛው ሲንሃላ በሆነው ቡድን ውስጥ ሆኖ፣ 10 ኦቨር ወርውሮ የሰጠው 31 ራን ብቻ ነው። የአውስትራሊያ ውጤት 241 ላይ ቆመ።

አሁን የስሪላንካ ተራ ነው። ሁሉም የጃያሱሪያንና የካሉዊታራናን ነጎድጓድ ይጠብቃል። ጃያሱሪያ 9 ላይ ወጣ፤ ካሉዊታራና 6 ላይ። በ23 ራን ሁለት ዊኬት። እስከዚያች ምሽት ድረስ ያመጣቸው እቅድ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከሽፏል።

እኔ ይህን ጨዋታ የምወድበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ስለ 1996 ሲወራ ሁሌም የሚነሱት ያ 15 ኦቨርና ሁለቱ ቀዳሚ መቺዎች ናቸው። ልክ ነው፣ ጨዋታውን ለዘለቄታው ቀይረውታል። የፍጻሜው ድል ግን የተገኘው በትዕግሥት ነው። አራቪንዳ ገባ። አሳንካ ጉሩሲንሃ አብሮት ቆመ። አልቸኮሉም። መጥፎውን ኳስ ይመታሉ፣ ጥሩውን ያከብራሉ። ሁለቱ 125 ራን ጨመሩ። ጉሩሲንሃ 65 ላይ ሲወጣ አምበሉ ራናቱንጋ ራሱ ገባ።

ራናቱንጋ ቀስ ብሎ የሚሮጥ፣ ደልደል ያለ ሰው ነው። አውስትራሊያዎች የሚመኩበት ሼን ዋርን ነበር፤ ኳስ በማሽከርከር በዓለም ከነበሩት ሁሉ ምርጡ። ሌሊቱ ግን ጤዛ አወረደ፣ ኳሷ ራሰች፣ የዋርን ጣቶች አልይዛት አሉ። በ10 ኦቨር 58 ራን ሰጠ፤ አንድም ሰው አላስወጣም። ራናቱንጋ ቀድመን እንወረውር ያለው ትክክል ሆነ።

አራቪንዳ መቶ ሞላ። ከዚያም አለፈ። በ46ኛው ኦቨር ማለቂያ ላይ ድሉ በእጃቸው ነበር፤ በሚቀጥለው ኦቨር ራናቱንጋ የአውስትራሊያዊውን ወርዋሪ የማክግራትን ኳስ ወደ ኋላ መርቶ አራት አስቆጠረና ተጠናቀቀ። 245 በሦስት ዊኬት። አራቪንዳ 107 ሳይወጣ፣ ራናቱንጋ 47 ሳይወጣ። አራቪንዳ በዚያ አንድ ቀን መቶ ራን አመጣ፣ ሦስት ሰው አስወጣ፣ ሁለት ኳስ በአየር ላይ ያዘ። በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ከዚህ የበለጠ የአንድ ሰው ሥራ አለ ብሎ የሚከራከረኝ ካለ፣ ከዝግጅቱ በኋላ እንነጋገር። እኔ የለም ባይ ነኝ። ዋንጫውን ለራናቱንጋ የሰጡት የፓኪስታን ጠቅላይ ሚኒስትር ቤናዚር ቡቶ ነበሩ።

ጦርነቱ በዚህ አልቆመም። እስከ 2009 ቀጥሏል። ዋንጫ ጦርነት ያስቆማል ብሎ የሚናገር ሰው ስሰማ ያመኛል፤ የሞቱትን መርሳት ይመስለኛል።

በዚያው በ2009፣ መጋቢት ውስጥ እንደ ፈረንጆቹ፣ ሌላ ክፉ ነገር ሆነ። የስሪላንካ ቡድን ላሆር ውስጥ ወደዚያው ጋዳፊ ስታዲየም ሲሄድ ታጣቂዎች አውቶቡሱ ላይ ተኩስ ከፈቱ። ተጫዋቾች ቆሰሉ። ሲያጅቧቸው የነበሩ ፖሊሶች ሞቱ። ፓኪስታናዊው ሾፌር ጥይቱ እየዘነበ ሳይቆም ነድቶ ስታዲየም አደረሳቸው። ከዚያ በኋላ የውጭ ቡድኖች ለዓመታት ወደ ፓኪስታን አልሄዱም። እዚህ አገር ያሉ ሜዳዎች ለፓኪስታን እንደ አገር ቤት ሜዳ ሆነው ያገለገሉትም በዚያ ምክንያት ነው።

በ2017 የስሪላንካ ቡድን ለአንድ አጭር ጨዋታ ላሆር ተመለሰ። በ2019 ደግሞ ከአሥር ዓመት በኋላ ፓኪስታን ውስጥ የመጀመሪያውን ባለ አምስት ቀን ጨዋታ ያደረገው ይኸው ቡድን ነው። ለባለ አምስት ቀን ጨዋታ ቀድሞ የሄደው የተተኮሰበት ቡድን ነው።

ሻርጃ ስታዲየም ጨዋታ ሲኖር በቡድን ሆነን ለመግባት አስበናል። መምጣት የምትፈልጉ ስትወጡ በሩ ጋ ስማችሁን አስመዝግቡ። የሥራ ባልደረቦቻችሁንም ይዛችሁ ኑ፤ ሕጉን ከእኔ ይልቅ እነሱ ያስረዷችኋል።

አመሰግናለሁ።