በዱቤ የተገዛች ጊታር

ክቡራን የማህበራችን አባላት፣ የተማሪዎቻችን ወላጆች፣ ውድ እንግዶች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። የፒያሳን መንገድ ችላችሁ በሰዓቱ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ ስለ አንድ የአየርላንድ ልጅ ላውራችሁ። ሮሪ ጋላገር ይባላል፤ ብሉዝ የተባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ የሚጫወት ጊታሪስት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ባሊሻነን ተወለደ፤ ያደገው ኮርክ ከተማ ነው። በ15 ዓመቱ እዚያው ሙዚቃ ቤት ያገለገለች ፌንደር ስትራቶካስተር የምትባል ኤሌክትሪክ ጊታር አየ። ዋጋዋ 100 ፓውንድ ገደማ ነበር። ለአንድ ልጅ የማይታሰብ ገንዘብ ነው፤ በዱቤ ወሰዳት። እናቱን ያግባባበት መንገድ ደስ ይለኛል፦ ዋናውን ዜማ ሊዱንም፣ አጃቢውን ሪትሙንም እኔው ስለምጫወት ሌላ ጊታሪስት አያስፈልግም አላቸው።

አንዴ ተሰርቃበት ቦይ ውስጥ ተጥላ ተገኘች። ቀለሟ ተላልጦ እንጨቷ እስኪታይ ድረስ ዕድሜውን ሙሉ ተጫወተባት። በ1966 ቴስት የተባለውን ባንድ መሠረተ፤ ከ1971 ጀምሮ በራሱ ስም ሠራ።

እኔን የሚነካኝ ግን ቤልፋስት ነው። በ1970ዎቹ ይህች የሰሜን አየርላንድ ከተማ በካቶሊኮችና በፕሮቴስታንቶች ግጭት ቦምብ የሚፈነዳባት ነበረች። ብዙ ባንዶች ወደዚያ መሄድ ተዉ። እሱ ግን እየተመላለሰ ተጫወተላት። ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም አንድ አዳራሽ ገብቶ አዳመጠው። ሙዚቀኛ ለሕዝቡ ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?

በ1995 ጉበት ከተተካለት በኋላ ለንደን ውስጥ አረፈ። ገና 47 ዓመቱ ነበር። ጊታሯ በ2024 በጨረታ ተሸጠች፤ የገዟትም ለአየርላንድ ብሔራዊ ሙዚየም አበረከቷት።

ወደ ቤታችን ልመለስ። የብሉዝ አምስት ድምፅ ለልጆቻችን ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ ትዝታውም አምባሰሉም አምስት አምስት ድምፅ ነው። ችሎታ አላቸው። የጎደላቸው መሣሪያ ነው። ጣቱ የሚሮጥ፣ ቤቱ ግን ጊታር የሌለው ተማሪ አለን። ክፍል ውስጥ የተማረውን ማታ የሚደግምበት የለውም። ይህ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ሥራ አመራሩ የመሣሪያ ዱቤ እንዲጀመር ሐሳብ ያቀርባል። ከመዋጮአችን ላይ ጊታር ይገዛ። ልጁ ይዞት ይሂድ፤ በየወሩ እንደ አቅሙ ይክፈል። ባይከፍልስ ትሉ ይሆናል። ወላጅ ወይም አስተማሪ ዋስ ይሁን፤ እኔ ለመጀመሪያው ልጅ ዋስ እሆናለሁ። የዋስትናውንና የወርሃዊ ክፍያውን መጠን እናንተ ተወያይታችሁ ወስኑ።

ጉባኤው ተከፍቷል። የመጀመሪያው አጀንዳ ይኸው ነው፤ መድረኩ የእናንተ ነው።