የሚጠቅሰው ድልድይ

እንደምን አረፈዳችሁ! የአንደኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪዎች ስለሆናችሁ ቀመር ይዤ አልመጣሁም። ስለ አንድ ድልድይ ላወራችሁ ነው የመጣሁት።

ድልድዩ ያለው በሰሜን እንግሊዝ፣ ታይን ወንዝ ላይ፣ በኒውካስልና በጌትስሄድ መካከል ነው። የጌትስሄድ ሚሌኒየም ድልድይ ይባላል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ነው ለሕዝብ የተከፈተው። የሚያልፍበት እግረኛና ብስክሌት ብቻ ነው።

መጀመሪያ ችግሩን እንየው። ድልድዩ 25 ሜትር ቁመት ያለውን መርከብ ሥሩ ማሳለፍ አለበት። «ታዲያ ከፍ አድርጎ መሥራት ነዋ!» ትሉ ይሆናል። የወንዙ ዳርቻ ግን ዝቅ ያለ ነው። በዊልቸር የሚሄድ ሰው እንዳይቸገር በየ20 ሜትሩ 1 ሜትር ብቻ እንውጣ ብንል፣ 25 ሜትር ለመውጣት የ500 ሜትር መንገድ ሊያስፈልገን ነው። መውረጃው ደግሞ ሌላ 500። ድልድዩ ራሱ እኮ 126 ሜትር ነው! ማዶ ተሻግሮ ቡና ለመጠጣት ዳገት መውጣት ሊሆን ነው። ስለዚህ ድልድዩ ዝቅ ብሎ ይውላል፤ መርከብ ሲመጣ ይነሳል።

ግን እንዴት ይነሳ? የለንደኑ ታወር ብሪጅ ከ1894 ጀምሮ መሃሉ ለሁለት ተከፍሎ ሽቅብ ይነሳል። እዚያው ታይን ላይ በ1876 ሥራ የጀመረው ሌላ ድልድይ ደግሞ ወደ ጎን እንዲዞር ነው የተሠራው። ዊልኪንሰን አየር የተባሉት አርክቴክቶችና ጊፎርድ የተባሉት መሐንዲሶች ሁለቱንም መንገድ ተዉት።

ባልዲ አስቡ። እጀታው ሁለት ጆሮው ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል አይደል? አሁን ሁለት እጀታ ይኑረው። አንዱ ሽቅብ ቆሟል፤ ሌላው ወደ ጎን ተጋድሟል። ሁለቱ በገመድ ተያይዘዋል። ድልድዩም እንዲሁ ሁለት ቅስት ነው፤ ሰው የሚሄደው በተጋደመው ላይ ነው። መርከብ ሲመጣ ሁለቱም አብረው 40 ዲግሪ ያህል ይዞራሉ፤ የቆመው ሲጎነበስ የተጋደመው ይነሳል። የአካባቢው ሰው ዓይን ሲጠቅስ ይመስላል ይላል። እውነትም ይመስላል።

ክብደቱ 850 ቶን ገደማ ነው። የሚገፉት 6 የሃይድሮሊክ፣ ማለትም በፈሳሽ ግፊት የሚሠሩ፣ ፒስተኖች ናቸው፤ በየጎኑ ሦስት ሦስት። የሚነዷቸው ሞተሮች ደግሞ እያንዳንዳቸው 55 ኪሎዋት ናቸው። ከአንዲት ቪትዝ ሞተር ብዙም አይርቅም! ምክንያቱም የአንዱ ቅስት መውረድ ለሌላው መነሳት ያግዛል። እኔ ሥራ ስጀምር ይህ አልገባኝም ነበር። ለአንዲት ሚጢጢ ተከፋች ድልድይ ሞተሩን ብቻ እያሳደግኩ ስሌት አቀረብኩ። አለቃዬ አየት አደረገና «ክሬን ነው የምትሠራው ወይስ ድልድይ?» አለኝ። ወረቀቱን ይዤ ውልቅ።

በጣም የምወደው ግን ትንሽ ነገር ነው። ድልድዩ ሲያዘነብል ሰው የጣለው ጣሳና ጠርሙስ ኳኳ እያለ ወደ ዳር ይንከባለላል። እዚያ ጫፍና ጫፉ ላይ ማጠራቀሚያ ተሠርቶለታል። በተከፈተ ቁጥር ራሱን ይጠርጋል ማለት ነው።

ለመነሳት አራት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። ሰዉ ዳር ቆሞ ይጠብቃል፤ ግን ትርኢት እያየ ስለሆነ ብዙም አያጉረመርምም።

በሉ፣ ጠረጴዛችሁ ላይ ሽቦ፣ ክርና ካርቶን አለ። ሁለት ቅስት ሥሩና በአንድ ጣት አንሱት። አልነሳ ካላችሁ ክሩን ሳይሆን መጀመሪያ የሁለቱን ክብደት እዩ። እኔ እየዞርኩ አያችኋለሁ።