ሰባራ ባቡር ጋ ወራጅ አለ

ዳዊት፦ ጤና ይስጥልን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ አዲስ አበባ ነው። ሜሮን፣ አንቺ ስለ ሰፈሮች ኢንተርኔት ላይ መጻፍ ከጀመርሽ ቆየሽ። አንድ ሰው «ሰፈሬን ልጻፍ» ቢል ከየት ይጀምር?

ሜሮን፦ ከታክሲ። ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ ብለህ ሰው የት የት እንደሚወርድ አዳምጥ። «ሰባራ ባቡር ጋ ወራጅ አለ» ይላሉ። ባቡሩ የለም እኮ! በምኒልክ ዘመን የመጣ፣ በእንፋሎት የሚሠራ ተሽከርካሪ ነበር። ተሰብሮ ቆመ፣ ስሙ ለሰፈሩ ቀረ። ካዛንቺስም እንደዚያው ነው። ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት የሚሠራ ድርጅት ነበራቸው፣ «ኢንቺስ» የሚባል። «ካዜ ኢንቺስ» ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። እኛ አፋችን ላይ አለስልሰን የራሳችን አደረግነው።

ዳዊት፦ እኔ ለገሃር ኦሮምኛ ይመስለኝ ነበር። ለገጣፎ፣ ለገዳዲ ስለምንል።

ሜሮን፦ ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። ፈረንሳይኛ ነው፤ «ላ ጋር»፣ ባቡር ጣቢያ። አየህ፣ ስሙ ራሱ ማስታወሻ ነው። እኛ ሳንጽፈው ሰው በአፉ ሲያቆየው ኖሯል።

ዳዊት፦ አባቴ እስከ ዛሬ መስቀል አደባባይን አብዮት አደባባይ ነው የሚለው።

ሜሮን፦ ጻፈው! እሱን ነው የምልህ። በደርግ ጊዜ ወጣት የነበረ ሰው የሚጠራበት ስም ነው። አባትህ አደባባዩን በዚያ ስም ሲጠራ የራሱን ዕድሜ እየነገረህ ነው።

ዳዊት፦ ስሙ ቢቀርም ቦታው እየሄደ ነው ግን።

ሜሮን፦ እሱ ነው የሚያስቸኩለኝ። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ዶሮ ማነቂያ የሚባለው ሰፈርም አብሮ ፈረሰ። ስንት ጊዜ በዚያ አልፌያለሁ። ፎቶ ፈለግሁ፣ ሁለት አገኘሁ። ሁለቱም ላይ ጓደኞቼ ናቸው፤ ቤቶቹ ከኋላ ደብዝዘዋል። የትኛው በር ከየትኛው ቀጥሎ እንደነበር ዛሬ ብትጠይቀኝ አላውቅም። በጣም ነው የቆጨኝ። ከዚያ ወዲህ ተራ የሚመስለውን ነገር ቀድሜ እጽፋለሁ።

ዳዊት፦ እንዴት ነው የምትሠሪው? ዝም ብለሽ ትዞሪያለሽ?

ሜሮን፦ አልዞርም። እቀመጣለሁ። አንድ ቦታ እመርጥና በተለያየ ሰዓት እመላለሳለሁ። ስድስት ኪሎን ውሰድ። የየካቲት 12 ሐውልት አለ። ስንቶቻችን ነን ታክሲ ስንጠብቅ ቀና ብለን ያየነው? ዙሪያው ላይ የጭፍጨፋው ታሪክ በነሐስ ተቀርጿል። በ1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የጣሉት ከዚያው ማዶ፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ያለበት ግቢ። ከዚያ በኋላ 3 ቀን ሙሉ የከተማው ሰው ተጨፈጨፈ።

ዳዊት፦ ተማሪ እያለሁ በየቀኑ በዚያ አልፍ ነበር። ምንም አላየሁም ማለት ይቻላል። የማስታውሰው የአንበሳ ግቢውን አንበሶች ነው። ንጋት ላይ ሲያገሱ ዶርም ድረስ ይሰማ ነበር።

ሜሮን፦ እሱም ይጻፍ። እኔ እዚያ ስቀመጥ መጀመሪያ ዓይኔ ሐውልቱ ላይ ብቻ ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ ሰዎቹን ማየት ጀመርኩ። ስድስት ሰዓት አካባቢ ምሳ ዕቃና ፔርሙስ የያዙ ሰዎች ይበዛሉ። ለካ ሆስፒታል የተኛ ሰው አላቸው። እናቶች ናቸው፣ እህቶች ናቸው። በዚያ ሐውልት ሥር ያልፋሉ። ያን ቀን ብዙ አልጻፍኩም። ቁጭ ብዬ አየኋቸው።

ዳዊት፦ ፎቶ አታነሺም?

ሜሮን፦ ሰው ሳላስፈቅድ አላነሳም። አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ በር ፊት ለፊት ስልኬን አውጥቼ ጥበቃው ሁሉንም አስጠፋኝ። የተረፈኝ ደብተሬ ላይ ያለው ብቻ ነበር። እና አሁን መጀመሪያ እጽፋለሁ።

ዳዊት፦ ስለ ኮሪደር ልማቱስ? ሰው ወይ ያሞግሳል ወይ ያማርራል።

ሜሮን፦ ድሮ በዚህ ከተማ ለመቀመጥ መክፈል ነበረብህ። ማኪያቶ ታዝዛለህ፣ ብርጭቆህ ባዶ ሲሆን አስተናጋጁ ያይሃል። አሁን አራት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ አግዳሚ ወንበር አለ። ማታ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ይወጣል። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ማንም «ምን ልታዘዝ?» አይለውም። ለእኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግን ሱቅ በደረቴው የት ሄደ? ቆሎ ሻጯስ? እዚያ የነበሩት ጎረቤቶች አሁን ከተማው ዳር ናቸው። ወንበሩን ወድጄ ስለ እነሱ ዝም ካልኩ የጻፍኩት ውሸት ይሆናል።

ዳዊት፦ እሺ፣ እኔ ልሞክር ብል የትኛውን ቦታ ትሰጪኛለሽ?

ሜሮን፦ የአባትህን አደባባይ። በ2013 ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ተሠርቶለት ታደሰ፤ ሯጮቹ ግን ዛሬም እዚያው ናቸው። ከደረጃው አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ይሮጣሉ፣ አንድ እርከን ይወጣሉ፣ ይመለሳሉ። ፀሐይ ሳይበረታ መድረስ አለብህ።

ዳዊት፦ ቅዳሜ 12 ሰዓት ተኩል ይሁን?

ሜሮን፦ ይሁን። ላይኛው ደረጃ ላይ ታገኘኛለህ። አባትህንም ይዘህ ና።