640 ሲቀር

እሺ፣ እየቀዳ ነው። ቬንትሌተሩን አጥፍቼዋለሁ፤ ባለፈው "አውሮፕላን ውስጥ ሆነህ ነው እንዴ?" ያላችሁኝ ይበቃኛል። የድሬ ቀትር ነው፣ ከዚራ ሱቁ ሁሉ ዘግቷል፣ እኔ በላብ እየተጠመቅኩ ነው። ቻሉኝ።

ያ ቁጥር አሁንም አልለቀቀኝም። 4294967297። 32 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲጨመርበት። የአንድ ረድፍ 6ኛው ነው፤ ሁለቶቹ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 እየሆኑ ይባዛሉ፣ ሁሌም 1 ይጨመራል፦ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65537፣ ከዚያ ይሄ። በፈረንጆቹ 1640 የሒሳብ ሊቁ ፌርማ ፕራይም፣ ማለት ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው፣ መሰለው፤ በ1732 ሌላው ሊቅ ኦይለር 641 በ6700417 ነው አለና አረፈው። ይህን ታውቁታላችሁ።

የማይዋጥልኝ ቅለቱ ነው። ባለ 8 አሃዝ የሱቅ ካልኩሌተር ያዙ። ቁጥሩ 10 አሃዝ ስለሆነ አይገባላችሁም፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚተወው። አታስገቡት! ከ256 ጀምሩ፣ የ8 ሁለቶች ብዜት ነው። 256 በ256፣ 65536። ከሱ ላይ 641ን 102 ጊዜ ቀንሱ፤ 65382 ሄዶ 154 ይቀራል። አሁን 65536ን ጣሉት። 32ቱ ሁለቶች የሚመጡት እሱ በራሱ ሲባዛ ነው፣ ግን ካልኩሌተሩ ይሞላል። ቀሪዋን ብቻ አባዙ፣ ለ641 ሲካፈል የሚተርፈው አይለወጥም፦ 154 በ154፣ 23716። 641 በ36፣ 23076። ስንት ቀረ? 640። አቦ! 640! አንዲት ብቻ የጎደለችው። ያቺ መጨረሻ ላይ የምንጨምራት 1 መጥታ ሞላችው፤ ቀሪ የለም።

154... 23716... 640። አዎ። ሁለት ማባዛት፣ ሁለት መቀነስ።

"641ን ማን ጠቆመህ?" ትሉኛላችሁ። ኦይለር ፕራይም አካፋዮቹ የ64 ብዜት ላይ 1 የተጨመረባቸው ብቻ መሆናቸውን አሳየ፤ ኋላ ሉካስ የሚባል የሒሳብ ሊቅ 64ቱን 128 አደረገው። እንግዲህ 129፣ 257፣ 385፣ 513፣ 641። 129ንና 513ን 3 ያካፍላቸዋል፣ 385ን 5። 257ስ? 3፣ 5፣ 17፣ 257ና 65537 ሲባዙ 4294967295 ነው፤ ስለዚህ 257 እኛ ቁጥር ላይ ሁልጊዜ 2 ያስተርፋል። ወደቀ። ቀጥሎ ያለው በር 641 ነው! ይህን ዘዴ የማያውቅ ሰው እንኳ ፕራይሞቹን ከ2 ጀምሮ በተራ ቢሞክር 116ኛው ላይ ያገኘዋል።

ደግሞ በግዕዝ ስትጽፉት፣ ፵፪፼፺፬፻፺፮፼፸፪፻፺፯፣ ጥንድ ጥንዱ ራሱ ተለያይቶ ይቀመጥላችኋል። 100 ለ99 ሲካፈል 1 ስለሚተርፍ ጥንዶቹን ብቻ ደምሯቸው፦ 42፣ 94፣ 96፣ 72፣ 97፤ 401። ለ99 ሲካፈል 5 ይተርፋል፣ 5ን ደግሞ 3ም 11ም ስለማያካፍሉት ሁለቱም ባንዴ ወጡ። የግዕዝ ቁጥር ለሒሳብ አይሆንም የምትለው ወዳጄ፣ ሰማህ? ዜሮ ስትመጣ ግን... እሱን ተወው።

ፌርማ ነው የከነከነኝ። በዚያው በ1640፣ 37 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚመጣውን ቁጥር 223 እንደሚያካፍለው በዚሁ ዓይነት ማጣሪያ አግኝቷል። መሣሪያው እጁ ላይ ነበር። ታዲያ እዚህኛው ላይ ሞክሮ ማካፈሉ ላይ ተሳስቶ ይሆን? ወይስ የረድፉ የመጀመሪያዎቹ 5 ፕራይም ሆነው ስላገኛቸው... ምናልባት። እንደዛ እንኳ አይመስለኝም።

በዚህ ረድፍ ከ65537 ወዲህ አንድም ፕራይም አልተገኘም እኮ። ከእኛ ቁጥር ጀምሮ ተከታታይ 28ቱ ተካፋይ ናቸው፤ ከነሱ ውስጥ ደግሞ ተካፋይነታቸው ተረጋግጦ አንድ አካፋይ እንኳ ያልተገኘላቸው 2 አሉ። እንዴት ነው ሰው አካፋዩን ሳያይ... ቆይ፣ ይሄ ሙቀት። ቬንትሌተሩን ልክፈተው።