ባዶ የሚባል መሬት

አሰላሙ አለይኩም፤ ጤና ይስጥልን፤ እንደምን አረፈዳችሁ!

ከጃማ ለመጣችሁ ገበሬዎች የዋልካን፣ የዚያን ጥቁር ጭቃ አፈር፣ ጠባይ ላስተምር አልቃጣም። በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል፤ በክረምት ጫማ ይቀማል። ዛሬ የማወራችሁ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ዓይነት ጭቃ ላይ ስለምትበቅል አንዲት የዱር ሽንኩርት ነው። አገሯ ሩቅ ነው፤ አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ። እዚያም ቢሆን ሪቨርሳይድ ካውንቲ ከሚባል አስተዳደር ምዕራባዊ ክፍል በቀር በተፈጥሮዋ የትም አትገኝም።

ስሟ አልየም ሙንዚ ይባላል። ቅጠሏ አንድ ብቻ ነው፤ ድብልብል፣ ውስጡ ክፍት፣ የጓሮ ሽንኩርታችንን ቅጠል የሚመስል። ዘንጓ ጫፍ ላይ ነጭ ወይም ቀላ ያሉ ትናንሽ አበቦች ይሰበሰባሉ። ቁመቷ ከጉልበት አያልፍም። ከዘር ተነስታ እስክታብብ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይፈጅባታል። ዝናብ ሲጠፋ ደግሞ ጭራሽ ብቅ አትልም። የሽንኩርቷ ራስ አፈር ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። አበባዋ የሚታየው ከመጋቢት ጀምሮ ለጥቂት ሳምንታት ነው፤ ከዚያ ትደርቃለች። በደረቁ ወራት የሄደ ሰው የሚያየው የተሰነጠቀ ጭቃ ብቻ ነው። ቤት ተሠራባት፣ ታረሰች፣ ሸክላ አፈሯም ተቆፍሮ ተወሰደ። ከውጭ የገቡ ሣሮችም አፈኗት። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1990፣ የፌዴራሉ መንግሥት ደግሞ በ1998 በሕግ ከለሏት።

«ነቅለን ጓሮ ብንተክላትስ?» የሚል አይጠፋም። እሷን መንቀል ይቻላል። ተዳፋቱንና ውሃ የሚይዘውን ጭቃ ግን በጆንያ አንጭነውም።

የሽንኩርት የዱር ዘመድ በእኛም አገር አለ፤ አልየም ስፓታሲየም የሚባለው አንዱ ነው። ልጆች፣ የጅብ ሽንኩርትን ከዚህ አትደምሩብኝ። እሱ መርዝ ነው፤ እንዳትቀምሱት!

አሁን ወደ አመራሮቻችን ልምጣ። ለመንገድ፣ ለድንጋይ ካባ፣ ለኢንቨስትመንት መሬት ትሰጣላችሁ። ስጡ፤ ሥራ ያስፈልገናል። ግን ቅጹ ላይ «ባዶ መሬት» ብላችሁ ከመሙላታችሁ በፊት የዕፀዋት ባለሙያ ከበልጉ ዝናብ በኋላ አንዴ፣ በመስከረም ደግሞ ዳግመኛ ይውጣበት። እረኛም ይዞ ይሂድ። የትኛው ጥግ ምን እንደሚያበቅል ከእረኛ የሚደበቅ ነገር የለም። የታየበት ቀንም ይጻፍ። በጥር ፀሐይ ታይቶ የተሞላ ቅጽ ብታመጡልኝ እኔ በበኩሌ አልፈርምም።